የአቶ ሞላ ሽንኩርትና የኔ የኮምፒውተር ትምህርት

የስፖርት መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ይህን ሰውዬ ኮምፒውተር አስተምር ያለው ማነው?» ብላችሁ እንዳትደናገሩ ነው። ያለኝ ሰው አለ። ግን እሳቸውም ቢሆኑ ሰው ቸግሯቸው ነው።

እኔ የማስተምርበት የቆቦ ትምህርት ቤት ከበጎ አድራጊዎች ጥቂት ላፕቶፖች አገኘ። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮቻችን የት እንደገቡ የቆቦ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ አላነሳውም። ከላፕቶፖቹ ጋር አንድ መልእክት አብሮ መጣ፤ ልጆች ከትንሽነታቸው ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ እንዲለምዱ የፕሮግራም ክበብ ይቋቋም፣ የሚያስተምረውም መምህር ወልድያ ሄዶ ይሠልጥን የሚል ነው። የሒሳቡ መምህር ፈተና ተከምሮበታል። የሳይንሷ መምህርት አራስ ናት። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ የኮምፒውተር ብርሃን ዓይን ይጎዳል ብሎ የሐኪም ትእዛዝ አስመሰለው። እኔ በዚያች ሰዓት ቢሮው በር ላይ ቁጭ ብዬ ኳስ እነፋ ነበር።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ታደለች ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ኮምፒውተር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልክ እችላለሁ አልኳቸው። ስልክ የኮምፒውተር ታናሽ ወንድም ነው፣ ታናሹን የለመደ ታላቁን አያጣውም ብለው አሰናበቱኝ። እኔም ኳሱን ግማሽ እንደነፋሁ አስቀምጬ ወልድያ ሄድኩ።

ፕሮግራም የሚባለው ነገር የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጤፍ መበተን ይመስለኝ ስለነበር መንገዱን ሁሉ ፈርቼ ነበር። ለልጆች የተዘጋጀው ግን የጨዋታ ያህል ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ድመት ቆማለች። በጎኗ ባለ ቀለም ብሎኮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ላይ አንድ ትዕዛዝ ተጽፏል። «ወደፊት ሂድ»፣ «ዙር»፣ «ድገም»፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ»። ብሎኮቹን እየጎተትክ አንዱን ከአንዱ ሥር ትሰካለህ፤ ድመቷ ከላይ ወደ ታች በተራ ትፈጽማቸዋለች። ይኸው ነው።

ይኸው ነው ብዬ ነው እኔም የገባሁበት። «ጩኺ» የሚለውን ብሎክ ወሰድኩና «ሁልጊዜ ድገም» በሚለው ውስጥ ሰካሁት። ድመቷ «ሚያው» አለች። ደስ አለኝ። ደገመች። ደስታዬ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። የአዳራሹ ሠልጣኝ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ድምፁ በየት በኩል እንደሚጠፋ ስላላወቅሁ ጃኬቴን አውልቄ ኮምፒውተሩን አለበስኩት። በጃኬት ውስጥ የታፈነች ድመት ካልታፈነች ድመት የባሰ እንደምታሳዝን ያን ዕለት ተማርኩ። አሠልጣኙ ትዕግሥተኛ ወጣት ነበርና መጥቶ አንዲት ቀይ ምልክት ሲነካ ጸጥ አለች።

ከዚያ ለሁላችንም አንድ ነገር ነገረን። ኮምፒውተር ብልህ መስሎን እንዳንፈራው፣ ይልቁንም ደደብ መሆኑን አውቀን እንድንጠነቀቀው መከረን። ያላልከውን አይሠራም፤ ያልከውን ደግሞ እስከ መቼ እንደሆነ ካልነገርከው አይተውም አለ። ከሥልጠናው ይዤ የተመለስኩት እውቀት ተጠቅልሎ ሲታይ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እሷም ብትሆን ግማሿ ብቻ እንደገባኝ በኋላ ታያላችሁ።

ቆቦ ስመለስ ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ተመርጠው ክበቡ ተቋቋመ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ተቀብተው መጡ። ላፕቶፖቹን ደርድሬ ሳበቃ መብራት ሄደ። ባትሪያቸው መጋዘን ሲከርም አልቋል። በማግሥቱም መብራት የለም። ሳምንቱም እንዲሁ አለፈ። ልጆቹ በየቀኑ እየመጡ ጥቁሩን ስክሪን ፊታቸውን እያዩበት ይመለሳሉ። አንዷማ ሹሩባዋን የምታስተካክለው በሱ ነበር።

ይቺ ልጅ ሐዋ ትባላለች። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ የተነገራትን ነገር ሁለት ጊዜ ሳትመረምር የማትቀበል ልጅ ናት። አባቷ አያ እንድሪስ ከከተማው ዳር በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ያለ መብራት መማር የማይቻለው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህንንም አላውቅም ማለት አሳፈረኝና፣ ማን አይቻልም አለሽ አልኳት።

ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ ቆራረጥኩ። በየቁራጩ ላይ ትዕዛዞቹን በማርከር ጻፍኩ፤ አንዱ ከአንዱ እንዲሰካ ጥርስ አወጣሁላቸው። ለኮምፒውተሩ ደግሞ እኔ ተተካሁ። ሮቦቱ እኔ ነኝ፣ ካርቶኖቹን እየሰካካችሁ ከሰሌዳው እስከ በሩ አድርሱኝ፣ ያላላችሁኝን አላደርግም፣ ያላችሁኝን አልተውም አልኳቸው።

በመጀመሪያ «ሂድ» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ ስላልተባልኩ ቆሜ ቀረሁ። «ወደፊት ሂድ» ሲሉኝ ሄድኩ፣ ከግድግዳው ጋር በግንባሬ ተገናኘሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮቦት ግንባር የለውም ብዬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጆቹ መላው ገባቸው። ወደ ቀኝ አዞሩኝ፣ እርምጃ ለክተው አስኬዱኝ፣ በሩ ጋ አደረሱኝ። እዚህ ላይ ቢበቃን ጥሩ ነበር። ሐዋ ግን «አንድ እርምጃ ወደፊት» የሚለውን ካርቶን «ድገም» ከሚለው ጋር ሰክታ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ደገምኩ። ከበሩ ወጣሁ። የኳስ ሜዳውን አጋመስኩ። ልጆቹ እየጨፈሩ ይከተሉኛል። ሜዳው ሲያልቅ የዘበኛችን የጋሽ ምሥጋናው የቲማቲም መደብ አለ፤ ጋሽ ምሥጋናው በዚያ መደብ ላይ ጫጩት እንኳን አያሳልፉም። እንድዞር ያዘዘኝ ስለሌለ በመሐሉ ሄድኩ። ሽማግሌው ከኋላዬ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ፤ ግን ከቆምኩ ትምህርቱ ፈረሰ። አስተማሪ ሞኝ መሆኑን እያወቀ እንኳን ለትምህርቱ ክብር ሲል ሞኝነቱን መጨረስ አለበት የሚል እምነት ነበረኝ። አሁን የለኝም።

በግቢው በር አልፌ አስፋልት ዳር ደረስኩ። የባጃጅ ሹፌር ወደ ሮቢት የምሄድ መስሎት ቦታ እንዳለ ነገረኝ፤ አለፍኩት። ጥላ ይዘው የቆሙ አንዲት እናት አማተቡ። ከስብሰባ ይመለሱ የነበሩት ወይዘሮ ታደለችም ፊት ለፊት መጡ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ዓይኔን ወደፊት ተክዬ፣ እጄን አድርቄ አለፍኳቸው። ያኔ ሐዋ ሮጣ ደረሰችና «ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። ወይዘሮ ታደለች ከሰዓት በኋላ ቢሮ አስጠርተው እንቅልፍ ደኅና እንደምተኛ፣ ቤተሰብ ዘንድ የታመመ ሰው እንዳለ በለሆሳስ ጠየቁኝ።

እኔ ግን ያን ቀን የዓለም መምህር የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ «ድገም» ብቻውን አደገኛ እንደሆነ፣ «እስከ» የሚል ነገር እንደሚያስፈልገው ራሳቸው ተናገሩ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ «‹እስከ› የሌለው ትዕዛዝ፣ መዘዝ»። ቤት መግጠሙ ራሱ አኮራኝ። በዚያው ሞቅታ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ኮምፒውተር ሁኑ አልኳቸው። የታዘዛችሁትን ብቻ ሥሩ፣ የሰው ትዕዛዝ ምን ያህል እንደሚጎድለው አይታችሁ ንገሩኝ አልኩ። ልጆቹ እየዘለሉ ወጡ።

ገና ከግቢው ሳይርቁ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ቆቦ እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። ወፍጮው ይነሳል፣ የፀጉር ቤቱ ሙዚቃ ይነሳል፣ በየጉድጓዱ የተገጠመው ፓምፕ ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ያንኑ ሥራ በዚያችው ሰዓት ሊጨርስ ይነሳል። እኔም ላፕቶፖቹን በሙሉ ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲያበሩ እንደ አባት ቆሜ አየሁ። በዚያች ሰዓት ከከተማው ዳር ምን እየሆነ እንደነበር ባውቅ ኖሮ ሶኬቱን ሁሉ ነቅዬ እሮጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ወላጆች ቆመዋል። መጀመሪያ ስብሰባ ያለ መሰለኝ። ስብሰባውስ ነበረ፤ አጀንዳው እኔ መሆኔን ነው ያላወቅሁት።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሱቅ ሄዶ ዘይት እንዳለ እንዲጠይቅ ልከውት ነበር። ሄደ፣ ጠየቀ፣ ተመለሰ። «አለ» አላቸው። ዘይቱስ ሲሉት ሱቅ ውስጥ ነው አለ። ሌላዋ ውጭ ቆመው ልጃቸውን በር ዝጋ ብለውት ዘግቶባቸዋል፤ ክፈት እስኪሉት ድረስ ደግሞ ከውስጥ በትዕግሥት ጠብቋቸዋል። አንድ አባት ልጃቸው ወጡን እንድትቀምስ ቢነግሯት ቀመሰች፤ ጨው እንደሌለው ብታውቅም እንድትናገር ስላልታዘዘች ዝም አለች። እሳቸው ይህን ሲያወሩ እንኳን ምሬታቸው ገና አፋቸው ላይ ነበር። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጎን ቆመው በኩራት ያዩኛል። የቤት ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል።

ሳቄን ይዤ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡና ሳቄ ደረቀ። አንደኛው አያ እንድሪስ ናቸው፤ ሐዋን በእጇ ይዘዋታል። ሁለተኛው ጎረቤታቸው አቶ ሞላ ናቸው። የሁለቱ ማሳ በአንድ ድንበር ይገናኛል፤ ከአንድ ጉድጓድ በተራ ያጠጣሉ። አቶ ሞላ ሽንኩርታቸውን ነቅለው፣ ሳይጫን በፊት እንዲጠወልግ ማሳው ላይ አስጥተውት ነበር። ነቅለው ያሰጡት ሽንኩርት ውሃ ከነካው እንደሚበሰብስ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል።

መብራቱ ሲመጣ የውሃው ተራ የአያ እንድሪስ ነበር። ወፍጮ ቤትም ሰልፍ ይዘው ነበርና ሐዋን፣ ውሃው ሲመጣ ቦዩን ክፈቺና ወደ ሽንኩርቱ ልቀቂው ብለዋት ሄዱ። ሐዋ ከፈተች፤ ለቀቀች። ከዚያ ድንበሩ ላይ ቁጭ አለች። የአባቷ ማሳ ጠጥቶ ጠገበና ውሃው ድንበሩን ተሻገረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ በቀጭኑ ነበር፤ በኋላ የተሰጣውን ሽንኩርት ማንሳፈፍ ጀመረ። እዚያ አካባቢ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች «ሞላ፣ ሞላ» እያሉ ጮሁ። አቶ ሞላ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ይጠጡ ነበርና ስማቸውን ሰምተው፣ እነዚህ ብልግና የለመዱ ልጆች ሳያከብሩ ይጠሩኛል ብለው ሳይነሱ ቀሩ። ሻያቸውን ጨርሰው ሲመጡ ሽንኩርታቸው ኩሬ ውስጥ ነው። አያ እንድሪስም ዱቄታቸውን ተሸክመው ደረሱ። ለምን እንዳልዘጋችው ሲጠይቋት፣ ዝጊ እንዳላሏት መለሰች።

ይህን ሁሉ አያ እንድሪስ ነገሩኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እሱ ነው የከፋው። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ ልጄ አስተዋይ ነበረች። ልጅ ሰጥቼህ ምን መለስክልኝ? ከዛሬ ጀምሮ ከክበብህም ከትምህርት ቤትህም አወጣታለሁ።»

እስካሁን ደረቷን ነፍታ የቆመችው ሐዋ ያኔ ዓይኗ ውሃ ሞላ። ወደኔ አላየችም። መሬቱን ነበር የምታየው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጨዋታ ተሸንፌአለሁ፤ እንደዚያች ጠዋት ግን ተሸንፌ አላውቅም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ባትሪያቸው ሞልቶ ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል። ልትነካቸው የምትገባዋ ልጅ ደግሞ በር ላይ ቆማ ልትወጣ ነው።

ነገሩ በሽማግሌ እንዲታይ ተባለና ከሰዓት በኋላ ማሳው ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ በዚያ ቆላ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው። እኔ እንደ ተከሳሽ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የክበቡ ልጆች ማንም ሳይጠራቸው ከኋላዬ ተኮለኮሉ። ሐጂ ዱዓ አድርገው ጀመሩ።

መጀመሪያ አያ እንድሪስን ጠየቁ። በቃልህ ያልካትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር አሏቸው። ተናገሩ። ዝጊ ብለሃት ነበር ወይ ሲሏቸው፣ «ሐጂ፣ ይህም ይነገራል?» አሉ አያ እንድሪስ። «ልጄ እኮ ቦይ ስትዘጋ ነው ያደገችው።»

ሐጂ ወደ ሐዋ ዞሩ። ውሃው ድንበር ሲያልፍ አይታ እንደሆነ ጠየቋት፤ አይቻለሁ አለች። መዝጋት እንደምታውቅ ጠየቋት፤ አውቃለሁ አለች።

«ታዲያ ምን ያዘሽ፣ ልጄ?»

«ቲቸር ኮምፒውተር ሁኑ አለን» አለች ሐዋ። «እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረንም።»

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደኔ አዞረ። እኔም ከኋላዬ ሌላ መምህር ይኖር እንደሆነ ብዬ ዞሬ አየሁ። ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመሰክሩላታል፣ ማለቴ ይመሰክሩብኛል። በዚያች ቅጽበት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት፣ ቤት የገጠመልኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሰሌዳ ፊቱ ወደ ተማሪ ስለሆነ አስተማሪ አያነበውም መሰለኝ።

አቶ ሞላ እስካሁን ፊታቸው እንደ ጠቆረ ነበር። ድንገት የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ ሲያያቸው ጋቢውን አወረዱና «ሳቄን እንደ ካሣ እንዳትቆጥሩት» አሉ።

ሐጂ ፈረዱ። ልጅቷ የታዘዘችውን ፈጽማለች፣ አባቷ ትዕዛዙን አጉድሏል፣ መምህሩ ግን የማያስቆመውን ነገር አስነስቷል አሉ። ስለዚህ እንድሪስ ሸራ ያምጣ፤ መምህሩ ደግሞ ሽንኩርቱን ከውሃው አውጥቶ፣ ደረቅ መሬት ላይ አስጥቶ ያገላብጥ።

እፎይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀላል ፍርድ ነበር። አውጥቼ፣ አስጥቼ፣ አንድ ጊዜ አገላብጬ ለማታው ቡና ቤት እደርሳለሁ ብዬ አሰላሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ፤ እሺ፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ ልል አፌን ስከፍት ሐዋ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ሐጂ ፈቀዱላት።

«ማገላበጡ እስከ መቼ ነው?» አለች።

እስኪደርቅ ነው አሉ ሐጂ። ሌላ ልጅ ተነሳና መድረቁን ማን እንደሚወስን ጠየቀ። ሐጂ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ሞላ ይወስን አሉ። የበሰበሰ ቢገኝበትስ? መምህሩ እየለየ ያውጣ። ማታ ጤዛ ቢወርድበትስ? መምህሩ በሸራው ይሸፍን፣ ጠዋት ይግለጥ። ፍየል ቢመጣበትስ? መምህሩ ይጠብቅ። እያንዳንዱ ጥያቄ ተጠይቆ፣ እያንዳንዱ መልስ ጀርባዬ ላይ ተጫነ። እነዚህን ልጆች እንዲህ አድርጎ ያስተማራቸውን ሰው ያን ጊዜ ባገኘው አልምረውም ነበር። ሐጂ በመጨረሻ ሌላ ቀዳዳ እንዳለ ልጆቹን ጠየቁ። የለም አሉ። ፍርዱ ጸና።

ሽንኩርት ማገላበጥ ቀላል የሚመስለው በወጥ ውስጥ የሚያየው ሰው ነው። የቆቦ ፀሐይ አናቴን ትመታለች፤ የሽንኩርቱ ሽታ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሐዘን የደረሰብኝ መስሎት «አይዞህ» ይለኛል። አቶ ሞላ ዛፉ ሥር ሆነው ይጠብቁኛል። ደርቋል ስላቸው ይመጣሉ፤ አንዱን ያነሱና አንገቱን ጨብጠው ይፈትሹታል። «ገና ነው» ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሽንኩርት አንገቱ ካልደረቀ አልደረቀም። ይህን ከሳቸው ተማርኩ፤ ስንት ጊዜ «ገና ነው» እንዳሉኝ ግን መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ከክፍል ወጥተው መጡ። ሐዋ ከነሱ ጋር አልነበረችም፤ አባቷ ቤት አስቀምጠዋታል። ልጆቹ ካርቶኖቹን ይዘዋል። የተሰጣውን ሽንኩርት በረድፍ ከፋፈሉና ፕሮግራም ሠሩልኝ። ጎንበስ በል፤ አገላብጥ፤ የበሰበሰ ከሆነ ወደ ግራ ጣል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፤ እስከ ረድፉ ጫፍ ድገም። እኔ ሮቦት ሆኜ ሄድኩ፤ ጥቂት ቆይተው እነሱም አብረውኝ ሮቦት ሆኑ፤ ሥራው ፈጠነ። እንግዲህ ወይዘሮ ታደለች የክበባችንን ዜና በየስብሰባው ሲያወሩ ኖሮ፣ በዚያችው ሰዓት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ እንግዳ ይዘው ደረሱ። እንግዳው ክራባት አስሯል። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ነው ሰው ጠይቀው እዚህ የመጡት። ማሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮምፒውተሮቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። ልጆቹ ጣታቸውን ቀስረው እኔን አሳዩት።

ወይዘሮ ታደለች ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንግዳው ግን አንደኛውን ልጅ ይህ ምንድን ነው አለውና ልጁ ከላይ እስከ ታች አስረዳው፤ ትዕዛዝ ቅደም ተከተል እንዳለው፣ ድግግሞሽ ማቆሚያ እንደሚፈልግ፣ የበሰበሰው ካልተለየ ደኅናውን እንደሚያበላሽ። ሰውዬው ክራባቱን ወደ ኋላ ወርውሮ አንድ ረድፍ ያዘ። ረድፉን ግን አልጨረሰውም፤ ፀሐዩ ከበደውና ዛፉ ሥር ሄዶ ከአቶ ሞላ ጋር ስለ ዝናብ ያወራ ጀመር።

ከዛፉ ጀርባ አያ እንድሪስ ቆመው ኖሯል። ሸራውን እስከ ማታ ለሌላ ሥራ ሊወስዱት ነው የመጡት። ልጁ ለእንግዳው ሲያስረዳ ሰምተዋል። ሸራውን ሳይወስዱ ተመልሰው ሄዱ። በማግሥቱ ሲመጡ ሐዋ አብራቸው ናት። ከአባቷ አጠገብ ሳትርቅ፣ እኔንም ሳታናግር ረድፍ ይዛ ታገላብጥ ጀመር። እኔም አላናገርኳትም። ሰው ሲታረቅ መጀመሪያ እጁ ነው የሚታረቀው፤ አፉ በኋላ ይደርሳል።

በመጨረሻ አቶ ሞላ አንድ ሽንኩርት አንስተው አንገቱን ጨበጡ፤ ሌላም አነሱ፤ ከመሐልም ከዳርም ፈተሹ። «ደርቋል» አሉ። ይህችን ቃል ስሰማ ዲግሪዬን ስቀበል ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ። የበሰበሰው አልጠፋም፤ አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ ይሸታል። እሱን አያ እንድሪስ የራሳቸው ሲደርስ ከማሳቸው ሊተኩ ቃል ገቡ። የተረፈው በጆንያ ተሞልቶ በዚያው ቀን መኪና ላይ ተጫነ። አቶ ሞላ ጨብጠውኝ፣ ለሚመጣው ዓመት ሰው ካጣሁ እጠራሃለሁ አሉኝ። ቀልድ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልለየሁትም።

ጆንያው ተጭኖ እንዳለቀ ፓምፑ ሲያጓራ ተሰማ። መብራት መጥቷል። አያ እንድሪስ ተንጠራርተው ወደ ቦዩ አዩና ሐዋን ጠሯት። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ እኔም በደንብ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማዘዝ ጀመሩ።

«ሐዋ፣ ስሚኝ። ቦዩን ትከፍቻለሽ። ውሃውን በመጀመሪያው ፈር ትለቂያለሽ። እሱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ታዞሪያለሽ። የመጨረሻው ፈር ከመሙላቱ በፊት ቦዩን ትዘጊያለሽ። ወደ ሞላ ድንበር ከተጠጋ፣ ሞላም ሆነ አልሞላ፣ ወዲያው ትዘጊያለሽ። መዝጋት ካቃተሽ ትጠሪኛለሽ። እኔ ከሌለሁ መምህሩን ትጠሪያለሽ። እሱም ከሌለ ወደ ሰው ቤት ትሮጫለሽ። ይህ ሁሉ ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። ገባሽ?»

ልጆቹ ትዕዛዙን በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙ። እኔም ሰማሁ፤ አንድ ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። አያ እንድሪስ ግንባራቸውን ጠረጉና በአሸናፊነት ወደኔ አዩ።

ሐዋ አባቷ እስኪጨርሱ በአክብሮት ጠበቀች።

«ገባኝ፣ አባ» አለች። «ግን ዛሬ ተራው እኮ የጋሽ ሞላ ነው።»

አቶ ሞላ ጋቢያቸውን ፈለጉ፤ መኪናው ላይ ጥለውት ነበርና ሳቃቸውን የሚሸፍኑበት አጡ። አያ እንድሪስ መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ቦዩን አዩ። ቆይተው እሳቸውም ሳቁ። ካወቅኋቸው ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እጃቸውን በሐዋ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ነገ ክበብ አላችሁ?» አሉኝ።

ነገ የክበብ ቀን አልነበረም። አለን አልኳቸው።